ባለ ጋራ

ማክሰኞ ማታ፣ ቂርያት ጋት፣ የማትናሱ ምድር ቤት፣
አሥራ አንድ ወንበር፣ እግሩ የላላ ሰሌዳ ያለበት፣
በዕብራይስጥ አስረድተው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት።
መምህርታችን ሪማ ናት፣ ከሩሲያ የመጣች፤
ስንሳሳት አትቆጣም፣ እሷም ትሳሳታለች።
እኔ ከፋብሪካ ነው የምመጣ፣ ጥፍሬ ሥር ቅባት አለ፤
ደብተሬ ግን ንጹሕ ነው፣ አንድ ቅጠል አልጎደለ።

የዛሬዋ ቃል አጭር ናት፣ ገና ሳትጀመር የምታልቅ፣
ምላስን በጥርስ ነከስ አድርጎ፣ ትንፋሽ በቀዳዳ መልቀቅ፦
ዊዝ።
ወይስ ዊስ? ወይስ ዊት?
ሁለት መቶ ሠላሳ ፊደል ይዤ፣ ልኳን አጣሁላት።

ትርጉሟን ማን ያጣዋል? "'ጋር' ማለት ናት" አልን።
ሪማ መነጽሯን አወለቀች፤ "ቆዩ፣ አልጨረስኩም" አለችን።
"ጥንት፣ በእንግሊዞች አገር፣ ነገር በጦር ሲፈታ፣
ይቺ ቃል 'አብሮ' አልነበረችም፤ የቆመችው በጠብ ቦታ።
ዊዝ ማለት 'በእሱ ላይ'፣ ፊት ለፊት፣ ደረት ለደረት፤
'አብሮ' የሚል ሌላ ቃል ነበር፤ እሱ እያደር ሲሞት፣
ጠበኛዋ ገባችና ወረሰችው አልጋና ቤት።
ዛሬም 'ተቋቋመ' ሲሉ፣ አሮጌው ትርጉም ውስጡ አለ።"
ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
እስክሪብቶዬ ዋለለ።

ታዱላ ወንድሜ ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤
እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሱ አራተኛው ላይ ይኖራል።
እማዬን ለአረጋውያን ቤት የፈረመባት ቀን፣
"ከእንግዲህ" አልኩት፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሞላን።
እሱ እሑድ፣ እኔ ሐሙስ፣ ሄደን እንጠይቃታለን፤
"ለየብቻ ምን ሆናችሁ?" ስትል፣ "ሥራ ነው" እንላታለን፤
እሱም ይህንኑ ይላል አሉ፣ ሳንመካከር።
በበሬ ሲያልፍ አውቀዋለሁ፣ የግራ እግሩን ሲጎትት፣
ዳቦ ይዞ ይሁን ቆሻሻ፣ ይነግረኛል የደረጃው ድምፀት።
ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲህ ይኖራል?

አማርኛዬን እንደ ኪስ ገለበጥኩት፣ ውስጡን ወደ ውጭ።
"የጋራ" ስንል የሁላችን፣ ግቢው፣ ውሃው፣ ደረጃው፤
"ባላጋራ" ስንል ጠላት። ቃሉ ያው፣ ሥሩም ያው።
ባለ ጋራ። ጋራ ያለው። የሚጋሩት ነገር ያለው ሰው።
ምንም የማልጋራውን፣ ምን ብዬ ልቀየመው?

ከኋላዬ ዘበኛው ያየህ እጁን አወጣ፦
"በዕብራይስጥም 'ጋር'ና 'ሕዝብ' ሲጻፉ አንድ ናቸው፤
ነጥብ ካልተደረገ ማን ይለያቸዋል?"
ሪማ ደስ አላት፤ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው።
እኔን ሕዝብ አልቸገረኝም፤
የቸገረኝ አንድ ሰው ነው።

የቤት ሥራ፦ "ዊዝ" የገባችበት አንድ ዓረፍተ ነገር።
ሌሊት፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ተቀመጥኩ ልሞክር።
እንግሊዝኛ ችኩል ነው፣ ግሡን ቀድሞ ይቀበላል፤
ተጣላሽ? ታረቅሽ? እንደ አውቶቡስ ሾፌር፣
"መጀመሪያ ክፈይ፣ ኋላ ተቀመጪ" ይላል።
አማርኛ ይታገሣል፤ ግሡ ከኋላ ነው የሚመጣ፣
ሰውየውን አጠገብ አስቀምጦ፣ ነገሩን ሳያወጣ።
"እኔ ከታዱላ ጋራ" ብዬ ጻፍኩ፤
እዚያው ላይ አቆምኩ።
"ተጣላሁ" ብል ይገባል፤ "ታረቅሁ"ም አይጠበውም፤
"ሐሙስ እማዬ ዘንድ ሄድኩ" ብልም መስመሩ አይጎድልም።

የደረጃው መብራት ጠቅ አለ። ያ የግራ እግር፣
አንደኛ ፎቅ፣ ከዚያ የእኔ፤
ዛሬ ምን እንደያዘ አልለይ አለኝ።
ከበሬ ፊት ዘገየ፣ ሸክሙን እጅ ለእጅ እንደሚያቀያይር።
መብራቱ ሰዓቱ ሞልቶ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤
ማናችንም ማብሪያውን አልነካንም።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ፦
እኔ ከታዱላ ጋራ